ቱቦው ከወጣ በኋላ ብብት ሥር የሚቋጠር ውሃና አልለቅ ያለ ሕመም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዕድሜዬ 43 ነው። ቀኝ ጡቴ ከብብቴ ዕጢዎች ጋር አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ከወጣ 24 ቀን ሆነው። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚቀዳውን ቱቦ በ10ኛው ቀን አወጡልኝና ደሴ ቤቴ ገባሁ። ከሳምንት በኋላ ብብቴ ሥር አበጠ። አሁን ብርቱካን አክሏል፣ ቆዳው ተወጥሯል፣ ስራመድ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ክንዴን በውስጥ በኩል በርበሬ እንደተቀባ ያቃጥለኛል፤ ስነካው ደግሞ ደንዝዟል። ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ፣ ሲብስብኝ ጎረቤቴ ኢቡፕሮፌን ትሰጠኛለች። አማቴ ውሃ መጠጣት ቀንሺ ይሉኛል። ሌሎች በመርፌ ካስነካሽው ካንሰሩ ይበተናል ብለው አስፈራሩኝ። ተመልሶ መጣብኝ እንዴ? የቤት ሥራዬንስ መቼ ነው የምጀምረው? እጄ ካልተንቀሳቀሰ ስለሚሻለኝ አቅፌው ነው የምውለው።»

እግዜር ይማርሽ እህቴ። አንቺ እያልኩ ልቀጥል፤ ተመላላሽ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው የማወራው።

የጡት ቀዶ ሕክምና ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ የቀረው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ውሃው ብዙም አላሳሰበኝም። «አቅፌው ነው የምውለው» ያልሽው ነው ያሳሰበኝ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር እንጨርስ።

የነገርሽኝ ነገር ካንሰር ተመልሶ የመጣ አይመስልም። ካንሰር በሳምንት ውስጥ ብርቱካን አክሎ፣ ሲራመዱ እየተንቦጫረቀ አይመጣም። ያንቺው በሐኪም ቋንቋ ሴሮማ ይባላል። ጡት ሲወጣ ቆዳው ከደረት ጡንቻው ላይ ተላቆ ነው የሚነሳው፤ ዕጢዎቹ የነበሩበት ብብትሽም ውስጡ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከክንድሽ ወደ ላይ የሚመለስ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ አለ፣ ድሮ የሚያልፈው በነዚያ ዕጢዎች በኩል ነበር። አሁን መንገዱ ተቆርጧል፣ እና የመስኖ ቦይ ሲሰበር ውሃው ማሳው ላይ እንደሚተኛ ሁሉ ይሄም ክፍት ባገኘው ቦታ ይተኛል። ቆዳው ከጡንቻው ጋር እስኪጣበቅና ሊምፉ ሌላ መንገድ እስኪያበጅ ድረስ ነው። አብዛኛው ሰው ላይ የሳምንታት ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ላይ ወር አልፎ ሁለት ወር ሊነካ ይችላል።

ቱቦው ቶሎ ስለወጣብኝ ነው እንዳትይ። ቱቦ የምናወጣው አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት የሚቀዳው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ነው፣ ወይ ደግሞ ቀኑ ሲገፋ፤ ቱቦ በቆየ ቁጥር ለጀርም በር ይሆናላ። ቱቦው ወጣ ማለት ደግሞ ፈሳሹ በዚያው ቀን ቆመ ማለት አይደለም። ስለዚህ ቱቦ ከወጣ በኋላ በቀናት ውስጥ ማበጥ፣ በተለይ የብብት ዕጢ የወጣላቸው ሴቶች ላይ፣ በጣም የተለመደ ነው። ጥፋቱ ይሄን ሳንነግርሽ መሸኘታችን ነው። «መሸኘታችን» የምለው እኔም ስላደረግኩት ነው፤ ወረፋ ሲረዝም መጀመሪያ የሚቀነሰው ወሬ ነው። አንዲት ታካሚዬ እንዲህ ሲያብጥባት ልጆቿን ሰብስባ ተናዝዛ ነው የመጣችው። 180 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀድተን ሸኘናት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ሳልነግረው ከክፍሌ አይወጣም።

ሁሉም ሴሮማ አይቀዳም። መርፌ በገባ ቁጥር ትንሽም ቢሆን ጀርም ይዞ የመግባት ዕድል አለው። ሎሚ የሚያህል፣ ለስለስ ያለ፣ የማያስጨንቅ ከሆነ እኔ አልነካውም፤ ሰውነት ራሱ ይመጠዋል። ያንቺው ግን ቆዳውን ወጥሯል፣ ክንድሽንም አስሮብሻል፣ ስለዚህ መታየት አለበት። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ለዚህ ብለሽ 400 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ መሳፈር የለብሽም፤ ደሴ ውስጥ የቀዶ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ይሠራል። ስትወጪ የሰጡሽን ወረቀት ያዢ፣ ምን እንደተሠራ የሚናገረው እሱ ነው።

ምን እንደሚያደርጉሽ ከአሁኑ ልንገርሽ። በጀርባሽ ትተኛለሽ፣ ክንድሽን ከጎንሽ ራቅ ታደርጊያለሽ። ቦታው በአዮዲን ይጸዳል። ሐኪሙ በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ውሃው የት እንደተኛ ይፈልጋል፣ አልትራሳውንድ ካለ በሱ ያያል። ከዚያ ወፈር ያለ መርፌ ከትልቅ ሲሪንጅ ጋር አስገብቶ ቀስ ብሎ ይስባል። እዚያ ጋ ቆዳሽ ስለደነዘዘ ብዙ ጊዜ ውጋቱ አይሰማም፣ ጫና ብቻ ነው። የሚወጣው ብርዝ የመሰለ ውሃ ነው፤ አንዳንዴ ከርከዴ ጠብ ያለበት ይመስላል፣ እሱም አያስደነግጥም። 50 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል፣ 200ም። ስትነሺ ክንድሽ ቅልል ይልሻል።

ከዚያ በሦስት በአራት ቀን መልሶ ሊሞላ ይችላል። ይሄኔ ነው ብዙ ሰው «አልሠራም፣ እንዲያውም ነካክተው አባባሱት» ብሎ የሚቀረው። ሠርቷል። መጀመሪያ 150 የነበረው በሚቀጥለው 90፣ ከዚያ 40 እያለ ነው የሚወርደው። በየጊዜው ስንት እንደወጣ ጠይቂና ስልክሽ ላይ ጻፊው። ቁጥሩ እየወረደ ከሆነ መንገድ ላይ ነሽ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ካልወረደ ግን ቱቦ እንደገና ይገባ ወይ የሚለውን ያኔ ሐኪምሽ ያስብበታል። ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሞክረው፣ ጎረቤትሽ ነርስ ብትሆንም። መርፌው ትንሽ አልፎ ከሄደ የሚያገኘው ሳንባ ነው።

አሁን ወደ ወሬው። መርፌ ካንሰር አይበትንም። እዚያ ያለው ውሃ ነው፣ የካንሰሩ ዕጢ ወጥቶ ለምርመራ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሄዷል። ይሄ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚባል ነገር ስንቷን ሴት ቤቷ አስቀምጦ፣ መዳን የምትችለዋን መጨረሻው ደረጃ፣ ደረጃ አራት አድርሶ እንዳመጣብን ብነግርሽ ታዝኛለሽ። ቢቻል ይሄን ያለችሽን ሴት በስም ጠርተሽ ንገሪያት፣ ለሌላም እንዳትል።

የአማትሽ ምክር ከፍቅር ነው፣ ግን የምትጠጪው ውሃና ብብትሽ ሥር ያለው ውሃ አይተዋወቁም። ውሃ ከቀነስሽ ድርቀት ይመጣል፣ ዳይክሎፌናክ እየወሰድሽ ደግሞ ኩላሊትሽ ሊጎዳ ይችላል። ጠጪ። ብይ ደግሞ፤ ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው፣ እንቁላል፣ ሥጋ በደንብ በስሎ፣ ጾም ከሆነ ሽሮና ምስር በርከት አድርጎ። የነፍስ አባትሽን ብትጠይቂ ደግሞ ለታመመ ሰው ጾም ይፈታል እንደሚሉሽ እገምታለሁ።

ወጌሻ እንዳያሽሽ። ገና በደንብ ያልዳነ ስፌት ሥር ውሃ አለ፣ መታሸት አይደለም የሚፈልገው። ሙቅ ነገርም አታድርጊበት። ይሄን በጣም ነው የማጠብቀው፦ የደነዘዘ ቆዳ ሙቀቱን አይነግርሽም። ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የፈላ ውሃ ሞልታ ብብቷ ሥር አድርጋ የተኛች ታካሚ ነበረችኝ፤ ጠዋት ስትነሳ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ተልጦ ነበር፣ ምንም ሳይሰማት። ቁስሉ ሲድን ሁለት ወር ፈጀ፣ የቀጣዩ ሕክምናዋም ቀን ተገፋ።

ሳትውዪ ሳታድሪ የምትሄጂው እነዚህን ካየሽ ነው፦ ትኩሳት 38 እና ከዚያ በላይ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቆዳው ቀልቶ ቅላቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ ሲነካ ትኩስ ሲሆን፣ መግል ወይ የሚሸት ነገር ሲወጣ፣ ስፌቱ ሲከፈት። በሰዓታት ውስጥ ድንገት አብጦ ቆዳው ከጠቆረም እንደዚያው፣ እሱ ደም ሊሆን ይችላል። እግርሽ ባት ላይ በአንድ በኩል አብጦ ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፣ ያ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከጀመርሽ በኋላ ትኩሳት መጣ ማለት በማግስቱ እናያለን የሚባል ነገር አይደለም፣ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ማስታገሻ ትኩሳትን ይደብቃል። ሙቀትሽን ለኪና ነው ክኒኑን የምትውጪው።

ወደ ሕመሙ እንምጣ። ያንቺ ሕመም አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፣ እና ለአንደኛው ብቻ ነው መድኃኒት የምትወስጂው። የመጀመሪያው የቁስሉና የውሃው ውጥረት ነው። እሱ ውሃው ሲቀዳ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ በርበሬ ያልሽው፣ የነርቭ ነው። ብብት ውስጥ፣ ልክ ዕጢዎቹ መሐል፣ አንድ ቀጭን ነርቭ ያልፋል፤ ስሙ ኢንተርኮስቶብራኪያል ነው፣ እኛም ተማሪ እያለን ምላሳችንን ሰብሮታል። ሥራው የክንድሽን የውስጥ ቆዳ ስሜት መንገር ነው። ዕጢ ስናወጣ ወይ ይለጠጣል ወይ ይቆረጣል፣ ልናድነው እንሞክራለን፣ ሁልጊዜ አይሳካም። «የደነዘዘ ነገር እንዴት ያቃጥላል?» ብለሽ ግራ ገብቶሽ ይሆናል። የተቆረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አምፖሉን አያበራም፣ ጫፉ ግን እሳት ይተፋል። እንደዚያ ነው። አንዳንዶች የሌለው ጡታቸው ጫፉ ያሳክካቸዋል፤ ለባላቸው እንኳን ሳይናገሩ «አበድኩ እንዴ» እያሉ ይከርማሉ። አላበዱም፣ አንጎል ገና አልሰማም።

የነርቭ ሕመም በዳይክሎፌናክ አይበርድም። ስላልበረደልሽ ነው ኢቡፕሮፌን የጨመርሽበት፣ ሁለቱ ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አብሮ መውሰድ ጥቅሙን ሳይጨምር በጨጓራና በኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው የሚጨምርብሽ። ከዛሬ ጀምሮ ኢቡፕሮፌኑን ለጎረቤትሽ መልሺላት። ፋርማሲ ገብቶ «መርፌው ይሻላል» ብሎ ዳይክሎፌናክ መወጋትም ያው ነው፣ መድኃኒቱ አልተለወጠም። ጨጓራ ካለብሽ፣ ደም ግፊት ወይ ኩላሊት ካለብሽ፣ ዳይክሎፌናኩን ራሱን ሐኪም ሳይጠይቁ መቀጠል የለም። መሠረቱ ፓራሲታሞል ይሁን፦ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ሁለት፣ በየ6 ወይ በየ8 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ፈጽሞ ሳያልፍ። ኪሎሽ ከ50 በታች ከሆነ ወይ ጉበትሽ ላይ ችግር ካለ ከዚያም ይቀነሳል፣ ጠይቂ። ሕመሙ ናላሽን እስኪያዞረው አትጠብቂ፣ በሰዓቱ ውሰጂው።

ለነርቩ ሐኪምሽን በቀጥታ «ያቃጥለኛል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል» በይው። «ያመኛል» ብቻ ካልሽ ያንኑ ማስታገሻ ጽፎ ይሸኝሻል። ለእንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ማታ ማታ የሚወሰድ አነስተኛ አሚትሪፕቲሊን ነው፣ ወይም ጋባፔንቲን። አሚትሪፕቲሊን ላይ ወረቀቱን አንብበሽ «የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ» ብለሽ እንዳትጥይው፤ ለነርቭ የሚሰጠው መጠን ትንሽ ነው፣ ሥራውም ሌላ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያንቀላፋል፣ ለመሥራት ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የልብ ችግር ወይ የዓይን ግፊት ካለብሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ትራማዶል ከተሰጠሽም ተናገሪ፣ ሁለቱን በራስሽ አታዋህጂ።

ነጻ የሆነ መድኃኒትም አለ። ነጠላሽን ያዢና የሚያቃጥልሽን ቦታ፣ ስፌቱን ሳትነኪ፣ በቀስታ አሽው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራቴ። መጀመሪያ ይቀፍሻል። ስትለምጂው ሻከር ወዳለ ጨርቅ፣ ከዚያ ወደ ፎጣ ትሄጃለሽ። ነርቩን ማላመድ ነው። ከሦስት ወር በኋላም ሕመሙ ካለ «ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ነው፣ ቻይው» ቢሉሽ አትቀበይ። ስም ያለው፣ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። እኛ አገር «ቻይው» የሚባለው ነገር በዝቷል።

አሁን ወዳቀፍሽው እጅ። ስታቅፊው ይሻልሻል፣ አምናለሁ። ግን ትከሻ ሳይንቀሳቀስ በቆየ ቁጥር እየደረቀ ነው የሚሄደው፣ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ የወራት ሥራ ነው፣ ሕመሙም አሁን ካለሽ የባሰ ነው። ሌላም አለ። ምናልባት ጨረር ይታዘዝልሻል። ጨረር ሲሰጥ ክንድሽን ከራስሽ በላይ አንስተሽ፣ ሳትነቃነቂ ነው የምትተኚው፣ በየቀኑ፣ ለሳምንታት። እጁ አልነሳ ያለ ሰው እዚያ ማሽን ላይ በትክክል መተኛት አይችልም። ወራት ጠብቃ ተራዋ የደረሰ ሴት ትከሻዋ አልነሳ ብሎ ፊዚዮቴራፒ ስትላክ አይቻለሁ። ውሃው ራሱ ይሄዳል፣ ትከሻው ራሱ አይፈታም። ለዚህ ነው መጨረሻው መስመርሽ ላይ የቀረሁት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሪ። ፓራሲታሞልሽን ውሰጂና ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ። ውሃው እስኪቀዳ ድረስ ክንድሽን ከትከሻሽ ከፍታ አታሳልፊ፣ ኃይለኛ እንቅስቃሴ ፈሳሹን ይጨምረዋል፦ ትከሻሽን ወደ ኋላ ማዞር፣ ክርንሽን ማጠፍና መዘርጋት፣ የተጠቀለለ ካልሲ መጨበጥና መልቀቅ። ከተቀዳ በኋላ ሐኪሙን ጠይቀሽ ወደ ግድግዳ ትሄጃለሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ቁሚ፣ ጣቶችሽን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኪጃቸው። ሲወጥርሽ ቁሚ፣ አምስት ድረስ ቁጠሪ፣ ውረጂ። የደረስሽበት ላይ በእርሳስ አስምሪ። ነገ ከመስመሩ በላይ አንዲት ጣት ለመጨመር ነው። ቤትሽ ቀለም የተቀባ ከሆነ ባለቤትሽ ይቅርታ ያድርግልን። ትንሽ መወጠር ጥሩ ነው፣ እንባ የሚያስመጣ ከሆነ በዝቷል። አምስት አምስት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ክንድሽን ስትዘረጊ ከብብትሽ ወደ ክርንሽ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ነገር ከቆዳው ሥር ብታዪ አትደንግጪ። ከዕጢ መውጣት በኋላ የሚመጣ ነው፣ ከዚሁ እንቅስቃሴ ጋር በጊዜ ይላላል። የክንድ እብጠት ግን ሌላ ነው፦ ቀለበት መጥበቅ፣ የቀሚስ እጅጌ መያዝ፣ ክንዱ መክበድ። እሱ ከወራት ወይ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል፣ ሲጀምር ነው መታየት ያለበት።

ማታ ስትተኚ ክንድሽ ሥር ትራስ አድርጊ፣ እጅሽ ከደረትሽ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ። ጠበቅ ያለ ለስላሳ ጡት መያዣ ምቾት ይሰጣል፣ ውሃውን ግን አያስቀረውም፣ ስለዚህ በነጠላ ጠፍረሽ ትንፋሽሽን አታሳጪ። ለቀጠሮሽ አዲስ አበባ ስትወርጂ የመኪናው ቀበቶ ደረትሽ ላይ የሚያርፍበት ጋ ትንሽ ትራስ ጣል አድርጊ።

የቤት ሥራውን መቼ ነው የምጀምረው ላልሽው። ቡና መውቀጥ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ጀሪካን ማንሳት፣ ልጅ ማዘል፣ እነዚህን ውሃው እስኪደርቅና ቁስሉ በደንብ እስኪድን ለሌላ ሰው ተያቸው፣ ሁለት ወር ገደማ ያዢው። ምጣድ ላይ ስትቆሚ ደግሞ የደነዘዘው ክንድሽ ጠርዙን እንዳይነካ ረጅም እጅጌ ልበሺ። ጸጉርሽን ግን ዛሬውኑ በቀኝ እጅሽ አበጥሪው፣ ክርንሽን ከትከሻሽ ሳታሳልፊ፣ አንገትሽን ሳታዘነብዪ። ቡናውም ከተፈላ ቅጂ፤ ጀበናዋ ግማሽ ትሁን፣ ግራ እጅሽ ከሥር ይደግፍ፣ የሚያነሳው ግን ቀኙ ይሁን።